አዳማ ላይ «የሐሞት ጠጠር በ3 ቀን» ከሚሸጡ ተጠንቀቁ፤ ለእናቴ የወጣላት ሳሙና ነው

ይህን የምጽፈው በተለይ የሐሞት ከረጢታቸው ወጥቶ ሕመሙ ለተመለሰባቸው ነው። ሻጩን በስም አልጠራም። ታፔላውን በየጊዜው ስለሚቀይር ብጠራውም አይጠቅማችሁም። «የሐሞትና የኩላሊት ጠጠር ያለ ቀዶ ጥገና በ3 ቀን» የሚል ካያችሁ እሱ ወይ የእሱ ወንድም ነው።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ጥገና ወጣ። ጠጠሮቹን በትንሽ ጠርሙስ አድርገው ሰጡን፤ እሷም ቡፌው ላይ አስቀመጠቻቸው። ሊጠይቃት የመጣ ሰው ሁሉ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያቺን ጠርሙስ አገላብጦ ማየት ግዴታው ነበር።

መጋቢት ላይ ሕመሙ ተመለሰ። ያው በቀኝ ጎኗ ከጎድን አጥንት ሥር፣ ያው ወደ ጀርባና ትከሻ የሚወጣው። «ከረጢቱ የለ፣ ምኑ ነው የሚያማት?» ተባባልን። አንዷ ጎረቤት ጨጓራ ነው አለች። ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ደግሞ ሌላዋ የወፍ በሽታ ነው ብላ ሥር ልታመጣ ተነሳች። ሽንቷ ጥቁር ሻይ መስሏል፣ ሰገራዋ ነጣ ብሏል፣ ሌሊት ሌሊት ሰውነቷን ስታክ ታድራለች። ያኔውኑ ሐኪም ቤት መሄድ ነበረብን። ግን የቀዶ ጥገናው ዕዳ አላለቀም ነበር፤ እቁቤንም አስቀድሜ ወስጄ በልቼዋለሁ። ሰውየው ዘንድ የሄድኩት ለዚህ ነው።

ነጭ ጋውን ለብሷል። ታሪኩን በትዕግሥት ከሰማኝ በኋላ «እህቴ፣ ያወጡላት ከረጢቱን እንጂ ጠጠሩን መች ጨረሱት?» አለኝ። ያጠመደኝ ይህ አነጋገር ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው።

ሐሞትን የሚያመርተው ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ከረጢቱ ቢወጣም ከጉበት ወደ ትንሹ አንጀት የሚወስደው ቧንቧ እዚያው ይቀራል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ወይም በሥራው መሀል ከከረጢቱ ሾልኮ ቧንቧው ውስጥ የገባ ጠጠር ካለ ማንም ሳያየው ሊቀር ይችላል። ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ከሚደረግላቸው 100 ሰዎች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ቧንቧቸው ውስጥም ጠጠር አላቸው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ከተገኘ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ «ያኔ የቀረ ነው» ይላሉ፤ ከዚያ ከዘገየ ግን ቧንቧው ውስጥ አዲስ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከረጢት የሌለው ሰው የሐሞት ጠጠር አይዘውም የሚባለው እንግዲህ ልክ አይደለም።

ሰውየው እስከዚህ ድረስ አልዋሸም። ውሸቱ ሁለት ጠርሙስና አንድ ከረጢት ዱቄት በ3,800 ብር ሲሸጥልኝ ጀመረ። በኋላ ሳየው በአንዱ ጠርሙስ ያለው የወይራ ዘይት ነው፣ በሌላው የሎሚ ጭማቂ፣ ዱቄቱ ደግሞ የሚያስቀምጥ ነጭ ጨው። ቀን ምግብ ሳትበላ ጭማቂ ብቻ ትውላለች፣ ማታ ዘይቱንና ሎሚውን ትጠጣለች፣ በጨው ታስወጣዋለች። በሦስተኛው ቀን በማጥለያ 43 አረንጓዴ ድቡልቡል ነገር ቆጠርን። የሽንብራ የሚያህልም፣ የባቄላ የሚያህልም አለ። እናቴ እልል አለች። እኔ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። እሱም ያንኑ ቀን ቴሌግራም ላይ «የአዳማ እናት 43 ጠጠር» ብሎ ለጠፈው።

ሐኪም ቤት ላሳያቸው ብዬ በላስቲክ ቋጥሬ መስኮት ላይ ተውኳቸው። የአዳማን የመጋቢት ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ለምሳ ስመለስ ላስቲኩ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ዘይት ነበር። ቡፌው ላይ ያሉት የጥቅምቶቹ ጠጠሮች ግን አምስት ወር ሙሉ በዚያው ቤት ሙቀት እንደ ኮረት ደርቀው ተቀምጠዋል።

ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2005 እ.ኤ.አ. ልክ እንዲህ ጭማቂ ስትጠጣ ውላ ዘይትና ሎሚ የጠጣች የ40 ዓመት ሴት «ጠጠሮች» ተመርምረው ምን እንደሆኑ አውጥቶ ነበር። በ40 ዲግሪ ሙቀት በ10 ደቂቃ ቀለጡ። ዘይቱ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ የሚወጣው የስብ አሲድ ከሎሚው ፖታሲየም ጋር ተዋህዶ የሠራው ሳሙና ነው። እንግዲህ አስቡት፣ የዋነኛው የሐሞት ቧንቧ ጤነኛ ስፋት ወደ 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በዚህ መንገድ፣ ማጠራቀሚያ ከረጢት በሌላት ሴት፣ 43 ባቄላ ከየት መጥቶ በየት ወጣ? ይህን ሒሳብ ሳልሠራ 3,800 ብር ቆጥሬ ሰጥቻለሁ፤ ይብላኝ ለኔ።

በዚህ ሁሉ 11 ቀን አለፈ። በ12ኛው ሌሊት እናቴን በዚያ ሙቀት ሦስት ብርድ ልብስ ደርበንላት ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ሕመም፣ ቢጫነትና ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት አንድ ላይ ሲመጡ የተዘጋው ቧንቧ አመርቅዟል ማለት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሕመም ሰው ይገድላል። በባጃጅ አደረስናት። በደም ሥር አንቲባዮቲክ ተጀመረላት። አልትራሳውንዱ ቧንቧው መስፋቱን አሳየ እንጂ ጠጠር አላሳየም። ለከረጢት ጠጠር ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የቧንቧውን ግን በተለይ ታች በኩል ያለውን ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ስለዚህ «አልትራሳውንድ ላይ ምንም የለም» ተብላችሁ ቢጫነቱ ካለ ዝም ብላችሁ ወደ ቤት አትመለሱ፤ የጉበት የደም ምርመራና ኤምአርሲፒ የሚባለውን የኤምአርአይ ምስል ጠይቁ።

አዲስ አበባ ተልከን ሁለት ጠጠር ተገኘ። የወጡት ሆዷ ሳይቀደድ ነው። በአፍ በሚገባ ካሜራ የቧንቧውን አፍ ከፍተው ጎትተው አወጡት፤ ኢአርሲፒ ይሉታል። ቆሽት ሊያስቆጣ እንደሚችል አስቀድመው ነግረው አስፈረሙን፤ ለእናቴ ደግነቱ ምንም አልሆነም። ጠጠር ያሟሟል የተባለ እውነተኛ ክኒን መኖሩንም ጠይቄ ነበር። አለ፤ ግን የሚሠራው ከረጢት ውስጥ ላሉ ትንንሽ የኮሌስትሮል ጠጠሮች ነው፣ ያውም ብዙ ወራት ተወስዶ። በ3 ቀን የሚል የለም።

በመጀመሪያው ክሊኒክም ቅሬታ አለኝ። «ጥቅል ዋጋ» ብለው ነው ያስከፈሉን፤ ጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቅንም። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም የጥቅምቱን ወረቀት አገላብጦ ቢሊሩቢኗ፣ ማለትም ደም ውስጥ ሲበዛ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው የሐሞት ቀለም፣ ያኔም ከፍ ብሎ እንደነበር በጣቱ አሳየኝ። የተከታተለው ሰው አልነበረም። በጥሩ እጅም ጠጠር ሊያመልጥ ይችላል፣ ይህን አልክድም፤ ወረቀት ላይ ተጽፎ ማለፍ ግን ሌላ ነው። ለቀዶ ጥገና የምትገቡ ከሆነ «ቧንቧውስ ታይቷል? የጉበት ምርመራው ስንት ነው?» በሉ። ስትወጡም የቀዶ ጥገናውን ማጠቃለያ በጽሑፍ ሳትይዙ አትውጡ። እኛ ያንን ወረቀት ለማግኘት ሦስት ቀን ተመላልሰናል።

እናቴ ከዳነች በኋላ ሰውየው ዘንድ ሄጄ ገንዘቤን ጠየቅሁት። አልተቆጣም። «43ቱ ባይወጡ ኖሮ ሁለቱን የት ያገኟቸው ነበር?» አለኝ፣ ከዚያ ለጉበት ማጽጃ የሚሆን ሌላ ጠርሙስ በ2,500 ብር ሊሸጥልኝ እጁን ወደ መደርደሪያው ዘረጋ። የእናቴ ፎቶ፣ የ43ቱ ማለቴ ነው፣ አሁንም ቴሌግራሙ ላይ አለ።