ባለ ወናፉን ካሜራ ዲጂታል ለማድረግ፦ ፊልም፣ ሚረርለስ ወይስ ስካን ባክ?

4 በ5 ኢንች ፊልም የሚወስድ ትልቅ ባለ ወናፍ ካሜራ ካላችሁና ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ማየት ከፈለጋችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አስቡ። የምታነሱት ነገር ይንቀሳቀሳል ወይስ ጸጥ ብሎ ይቆማል?

እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ነፋሱ ባሕር ዛፉን አንድ ደቂቃ እንኳ አያሳርፈውም። እዚያ ስካን ባክ ይዞ መውጣት ድካም ብቻ ነው። ስካን ባክ በፊልሙ ቦታ ይገባና ምስሉን እንደ ቢሮ ስካነር መስመር በመስመር ያነባል። አንድ ፎቶ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን በተለያየ ቅጽበት ስለሚያነብ የሐይቅ ውኃ ሞገድ ባለቀለም ጭረት ሆኖ ይወጣል። ብራና ላይ ግን ወደር የለውም። እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ባለ ገዳም በፈቃድ ብራና የሚያነሳ ሰው ይህንኑ ይግዛ። ብልጭ ድርግም የማይል መብራትና ላፕቶፕ ያስፈልገዋል። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ፊልም አንስቶ ስካን ማድረግ ለላሊበላ የምመርጠው ነው። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነው የቆመው። ታች ወርዳችሁ ስታነሱ ወደ ኋላ የምትሸሹበት ቦታ የለም። ባለ 90 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፊልሙ ላይ ሰፊ ያያል። ሌንሱን ከፍ ስታደርጉት ደግሞ ግድግዳው ሳይጋደል ቀጥ ብሎ ይወጣል። ፊልሙን በ2400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 2400 ነጥብ) ስካን ብታደርጉ 115 ሜጋፒክስል ገደማ ታገኛላችሁ። ችግሩ ወጪው ነው፤ እያንዳንዷ ቅጠል ፊልም ገንዘብ ናት። ከውጭ ስታስመጡ አዲሶቹ የኤርፖርት ሲቲ (ኤክስሬይ) መፈተሻዎች ፊልም ያበላሻሉ። በእጅ እንዲፈተሽ ጠይቁ።

ሚረርለስ፣ ማለትም ውስጡ መስታወት የሌለው ዲጂታል ካሜራ ያለው ሰው ግን ተንሸራታች ማገናኛ ገዝቶ ከትልቁ ካሜራ ጀርባ ያስረው። ለብዙዎቻችን የሚያዋጣው ይሄ ነው። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከፊልሙ ከ13 እጥፍ በላይ ያንሳል። ያ ሰፊ ሌንስ ጠባብ የሚያይ፣ ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ይሆንባችኋል። ስለዚህ ካሜራውን እያንሸራተታችሁ ብዙ ፎቶ ታነሱና በኮምፒውተር ትሰፉታላችሁ። መስታወት ያለውን አሮጌ ዲጂታል ካሜራ ግን ከጀርባው አትግጠሙበት። ባለ መስታወቱ የኒኮን ኤፍ ሴንሰር ከሌንስ ማሰሪያው 46.5 ሚሊ ሜትር ይርቃል፣ የሚረርለሱ የሶኒ ኢ ግን 18 ብቻ። ርቀቱ ሲበዛ ወናፉ ይጨናነቃል፣ አጭር ሌንስም ሩቁን ተራራ አጥርቶ አያሳይም። ሚረርለሱም ቢሆን በጣም ወደ ጎን ሲንሸራተት ጠርዙ ይጠቁራል። ፊልም ላይ የለመዳችሁትን ኤፍ 22 (በጣም ጠባብ የሌንስ ቀዳዳ) እዚህ ተዉት፤ ምስሉ ይደበዝዛል። ከኤፍ 11 አትለፉ።

ሜዲየም ፎርማት ዲጂታል ባክ፣ ማለትም ከሚረርለሱ የሚበልጥ ሴንሰር ያለውና ከካሜራው ጀርባ የሚገጠም ክፍል፣ ጥራቱ ግሩም ነው፤ ዋጋው ግን ስቱዲዮ ላለው ሰው ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ወናፉን ጨለማ ክፍል ውስጥ አስገቡት። ባትሪ ከውስጥ አብሩበትና ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ እዩ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ካያችሁ ዋጋ አስቀንሱ፣ ወይም ተዉት።