የጋሼን ሥራ የያዘውን ልጅ እወቁልኝ

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ለምትኖሩና ከመንዝ ዘመድ የበግ ጠጉር ለሚልክላችሁ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን አርባቸው ወጣ። ነፍሳቸውን ይማር። በወጣትነታቸው ከመሐል ሜዳ መጥተው እዚሁ ወልደው ከበዱ፤ ባና እና ዝተት የሚባሉትን የበግ ጠጉር ብርድ ልብሶች ሲሸምኑ ኖሩ። በኅዳር ውርጭ ባዶ እግሩን የወጣ ልጅ ካዩ ሥራቸውን አቁመው እናቱ ዘንድ ይሄዱ ስለነበር እናቶቻችን ይፈሯቸው ነበር። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ብርዷን የቀመሰ ሰው ቁጣቸውን ይረዳላቸዋል።

የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው። ሴቶች አጥበው፣ አፍታተው ይፈትሉታል፤ ሽመናው የወንድ ነው። ጋሼ ፈትሉን በጣታቸው አሽተው ሳያዩ አይቀበሉም። ልል ከሆነባቸው «ይሄ ዘንድሮ ይሞቃል፣ ከርሞ ወንፊት ይሆናል» ብለው ይመልሱታል። ሸምነው ሲጨርሱም በሙቅ ውኃ ረግጠው ሳያጠብቁት ከቤታቸው አይወጣም። የገበያው ዝተት ቶሎ የሚሳሳው ይሄ እየተዘለለ ይመስለኛል።

ሲያርፉ የብዙ ሰው ጠጉርና ቀብድ እጃቸው ላይ ነበር። የእናቴ ባናም ገና ግማሽ ላይ ነበር። ሐዘን ቤት ገብቶ ስለ ባና እንዴት ይጠየቃል? ሁላችንም ዝም አልን። ዞሮ የጠየቀን አብሯቸው ይሠራ የነበረው ልጅ ነው። ጋሼ መጻፍ ስለማይችሉ የየሰዉን ጠጉር በተለያየ ክር ቋጥረው ነበር የሚያስቀምጡት፤ የትኛው ክር የማን እንደሆነ ደግሞ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በየደጃችን እየመጣ «ጠጉራችሁ ይመለስ ወይስ ልጨርሰው?» አለን። ጨርስልን ያልነውን ጋሼ በተነጋገሩት ዋጋ ጨረሰልን፤ የጋሼንም ድርሻ ለባለቤታቸው ለእትዬ ወስዶ ሰጠ።

የእናቴን ባና ሳየው የጋሼ እጅ የት ላይ እንዳቆመ፣ የሱ የት ጋ እንደጀመረ መለየት አቃተኝ። እናቴ ግን ለየችው። «የሱ ትንሽ ይጠብቃል» አለች። እሰየው ነው!

ጉድለቱም አይደበቅ፦ ሥራው ይዘገያል፤ መሸመኛው ላይ ከተቀመጠ ስልክ አያነሳም። ዋጋውም ከፋብሪካ ብርድ ልብስ ይበልጣል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ተቀምጦ ይሄን ማለት ድፍረት ቢሆንም፣ በባና የተኛ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ድንኳን የተከላችሁ፣ ንፍሮ የቀቀላችሁ፣ ከመንዝ ለመጡት ለቀስተኞች ማደሪያ የለቀቃችሁ የእድራችን ሰዎች፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን።

ልጁ ስሙ እንዲጻፍ አልወደደም። የጋሼን በር የምታውቁ እዚያው ታገኙታላችሁ፤ እትዬ ከዚህ አትነሣ ብለውታል። ጠጉር ስታመጡ ጥቁሩን ከቡናማው ለይታችሁ፣ እሾሁን ለቅማችሁ ይሁን። ለጥምቀት የምትፈልጉም ከመስቀል በፊት ንገሩት። እትዬ ቡና ሳትጠጡ ስለማይለቋችሁ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ።