ኳሷ ወደ ግራ ትሄድ ነበር
ጅማ ሂርማታ አካባቢ ትንሽ ፑል ቤት አለኝ። ከክረምቱ ወዲህ ኳሷ ቀስ ብላ ስትሄድ መሃል ላይ ወደ ግራ መታጠፍ አመጣች። ደንበኞቼ "ጠረጴዛህ ያደላል" እያሉ ይስቁብኛል። ሂሳብ የሚከፍለው ተሸናፊ ስለሆነ ቀልዱ ጠብ ሊሆን ምንም አልቀረው።

አንድ የፑል ጠረጴዛ ሠሪ ጠራሁ። ጨርቁን ሲገልጠው ጉዱ ወጣ። ከጨርቁ ስር ያለው የጠረጴዛው ድንጋይ ሦስት ቁራጭ ነው፤ ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከዚህ በፊት የነካካው ሰው መጋጠሚያውን በጀሶ ደፍኖት ኖሯል። ተሰነጣጥቆ ፍርፋሪው ጨርቁ ስር ተበትኗል። ይሄኛው ፍቆ አወጣው። ውሃ ልኩን በቁመትም በአግድምም እያስቀመጠ፣ ስስ እንጨት ከስር እየሸጎጠ አስተካከለ። መጋጠሚያው ላይ ጣቱን ሲያሳልፍ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ የንብ ሰም አቅልጦ አፈሰሰበት፤ ሲደርቅ በምላጭ ላጨው። ሰሙን የገዛሁት እኔ ነኝ። ቤቱ ጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ሸተተ።

ቅሬታዬ ሰዓት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ብሎ 8 ሰዓት መጣ። ጨርቁንም አንዱ ጥግ ላይ በደንብ አልወጠረውም፤ አስደገምኩት። 4,000 ብር ከፈልኩ፣ አልቆጨኝም። ኳሷ አሁን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ተሸናፊዎቹ ደግሞ በስቲኩ ማማረር ጀምረዋል።