በርካሽ የገዛሁት «2 ቴራባይት» ፍላሽ ፎቶዎቼን በላብኝ

ስልኬ ሞልቶ አላሠራ ሲለኝ የዘጠኝ ዓመት ፎቶዎቼን ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ ወሰንኩ። «2 ቴራባይት» የተጻፈበት፣ ዋጋው የሌሎቹን ሩብ የማይሞላ ፍላሽ አገኘሁ። ርካሽነቱ ሊያስደነግጠኝ ሲገባ አስደሰተኝ። ኮምፒውተሩም መጠኑን አምኖ ተቀበለ፤ ፎቶዎቹ ያለ አንዳች ስህተት ተገለበጡ። እኔም ከስልኬ ላይ አጠፋኋቸው።

ከወራት በኋላ የልጄን የመጀመሪያ ልደት ፎቶ ልከፍት ብል እንቢ አለኝ። የፋይሉ ስም አለ፣ መጠኑም ተጽፏል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። የሚከፈቱት ቀድመው የተገለበጡት የድሮዎቹ ብቻ ሆኑ።

ተንኮሉ እንዲህ ነው። ፍላሹ በእውነት የሚይዘው 32 ጊጋባይት ነበር። ፈርምዌሩ (ፍላሹን ከውስጥ የሚያሠራው ፕሮግራም) ተቀይሮ «2 ቴራባይት ነኝ» ብሎ ለኮምፒውተሩ እንዲዋሽ ተደርጓል። ትክክለኛው ቦታ እስኪሞላ ድረስ ሁሉም ደህና ይመስላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፎቶ ወይ የትም ሳይጻፍ ይቀራል፣ ወይ በቀድሞው ላይ ተጽፎ ያንን ያበላሻል። የፋይሎቹ ዝርዝር የሚቀመጠው ከፍላሹ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ ስሞቹ አይጠፉም፤ ለዚህ ነው ለወራት ያልነቃሁት። ያልተጻፈን ነገር ደግሞ የትኛውም ባለሙያ መልሶ ሊያወጣው አይችልም። ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ስም ከሚሸጡት ርካሾች መካከልም ሲከፈቱ ትንሽ ሜሞሪ ካርድ በሙጫ ተጣብቆ የተገኘባቸው አሉ።

ስለዚህ አዲስ ዕቃ ስትገዙ፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ፣ ለዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብሊው (H2testw)፣ ለሊኑክስና ለማክ ኤፍ3 (F3) በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ፈትሹት። ሙሉውን ቦታ ጽፈው መልሰው ስለሚያነቡ ብዙ ሰዓት ይወስዳሉ፤ ታገሡ። (ዊንዶውስ እውነተኛውን 2 ቴራባይት 1.81 ብሎ ቢያሳያችሁ ግን አትደንግጡ፤ የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ ማጭበርበር አይደለም።) ፎቶ ከገለበጣችሁ በኋላም ፍላሹን ነቅላችሁ እንደገና ሰኩትና መጨረሻ ላይ የገቡትን ከፍታችሁ እዩ።

ጥፋቱ የሻጩ ብቻ ነው አልልም። ስልኬን ባጸዳሁበት ደቂቃ መጠባበቂያ የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ ያንኑ አንድ ቅጂ ቦታ ለወጥኩት እንጂ። አሁን አንዱን በሃርድ ዲስክ፣ ሌላውን በክላውድ አስቀምጣለሁ።

ሻጩ ስመልስለት «ፎርማት ያድርጉት፣ ይስተካከላል» አለኝ። ፎርማት ማድረግ ፈርምዌሩን እንደማይነካው ስነግረው ብቻ ገንዘቤን መለሰ። ፍላሹንም ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ መልሶ ሰቀለው።