8 ወር፣ 26 ጥቅል ፊልም፦ ኢንስታንት ካሜራ ይዤ እስያን ስዞር

ፎቶው ላይ ዓሣው ሙሉ ነው። ዓሣ ሻጯ ግን ከቅንድቧ በላይ የለችም። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እሷ በሳቅ ፍርስ አለች። ጎረቤቶቿን ጠርታ አሳየቻቸው። ከዚያ ከሚዛኗ በላይ ባለው ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለችው።

ይህ የሆነው ታይላንድ ውስጥ፣ ሜክሎንግ ገበያ ነው። ገበያው የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ላይ ነው። ባቡር ሲመጣ ነጋዴዎቹ የጥላ ሸራቸውን አጥፈው፣ ዕቃቸውን ሰብሰብ አድርገው ያሳልፉታል። ባቡሩ ካለፈ በኋላ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። በታይኛ «ታላት ሮም ሁፕ» ይሉታል፤ ጃንጥላ የሚታጠፍበት ገበያ እንደ ማለት ነው። ባቡሩንም አንስቼው ነበር። ፍላሹ ብረቱ ላይ አንጸባርቆ ነጭ ጭጋግ ብቻ ወጣልኝ። አልቆጨኝም። የባቡሩ ፎቶ በየሰው ስልክ ውስጥ ሞልቷል።

ፎቶውን እዚያው በወረቀት የምታወጣዋን ኢንስታንት ካሜራዬን ከያዝኩ 8 ወር ሆነኝ። ታይላንድን፣ ላኦስን፣ ቬትናምን፣ ካምቦዲያን፣ ጃፓንን፣ ኔፓልንና ሕንድን አብራኝ አይታለች። 26 ጥቅል ፊልም ጨርሻለሁ፤ አንዱ ጥቅል 10 ፍሬ ነው። እኔ ጋ የቀረው ግማሹ እንኳ አይሆንም። የቀረው የሰው ቤት ነው፤ ግድግዳ ላይ፣ ቦርሳ ውስጥ፣ ቱክቱክ (ባለሦስት እግር ታክሲ) መስታወት ላይ።

አሠራሯ ቀላል ነው። ፎቶው ግርጌ ያለው ነጭ ጠርዝ ውስጥ ኬሚካል የያዘች ትንሽ ከረጢት አለች። ወረቀቱ ሲወጣ በሁለት ሮለሮች መሃል ያልፋል። ከረጢቷ ትፈነዳለች፤ ኬሚካሉም ምስሉ ላይ እኩል ይዳመጣል። ስለዚህ ማራገብ ምንም አያፋጥነውም። ማጠፍና መጫን ደግሞ ምስሉን ያበላሸዋል። ግን በሄድኩበት አገር ሁሉ ሰው ፎቶውን ሲቀበለኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ማራገብ ነው። አሁን ለምጄዋለሁ። መዳፌን ዘርግቼ በምልክት «ቆይ» እላለሁ።

ይህችን ካሜራ የወደድኩት ለዚያች «ቆይ» ነው። ምስሉ ጥርት ብሎ እስኪወጣ 90 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ስልክ ላይ ሲሆን ሰው ፎቶውን አይቶ፣ ፈገግ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እዚህ ግን ማንም ንቅንቅ አይልም። ነጭ ወረቀት ከበን እንቆማለን። ቋንቋ አንግባባም። መጀመሪያ ጥላ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ፀጉር፣ ከዚያ ጥርስ። አንዱ «ይሄ እኔ ነኝ» ብሎ ይጠቁማል፣ ሌላው ይከራከረዋል። በጉዞዬ ሁሉ ሆዴን እስኪያመኝ የሳቅኩት በዚያች 90 ሰከንድ ውስጥ ነው።

ቬትናም፣ ሃኖይ ውስጥ የ4 ዓመት ገደማ የምትሆን ልጅ ፎቶዋን ተቀበለችኝ። ፊቷ ብቅ ሲል ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ለማስፋት ሞከረች፤ ስልክ ላይ እንደሚደረገው። እምቢ አላት። እናቷን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ፎቶውን ገልብጣ ከጀርባው ሞከረች። እኔ ደግሞ ኤድዊን ላንድ ትዝ አለኝ፤ ፖላሮይድን የመሠረተው ሰው። እ.ኤ.አ. በ1943 ቤተሰቡን ይዞ ለእረፍት አሜሪካ ውስጥ ወዳለችው ሳንታ ፌ ሄዶ ሳለ የ3 ዓመት ልጁ የተነሳችውን ፎቶ ለምን ወዲያው እንደማታይ ጠየቀችው። ከዚያ ጥያቄ የተወለደው ካሜራ በ1948 ለገበያ ቀረበ። የዚያችኛዋ ልጅ ጥያቄ መልስ አግኝቷል። የሃኖይዋ ገና ነው።

ናራ ያጋጠመኝን ሳልናገር አላልፍም። ጃፓን ውስጥ፣ ናራ ፓርክ፣ ከ1,000 በላይ አጋዘኖች ሰው መሃል ይዘዋወራሉ። «ሺካ ሴምቤ» የሚባል ለእነሱ የሚሸጥ ብስኩት አለ። ብስኩቱን ሲያዩ ብዙዎቹ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ይነሳሉ። አንድ አዛውንት ከአንዱ አጋዘን ጋር ተራ በተራ እጅ ሲነሳሱ አነሳኋቸው። ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና ጎንበስ አሉ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ቀና ስንል ወረቀቱ አጋዘኑ አፍ ውስጥ ነው። ሁለታችንም ደነገጥን፤ ወረቀቱ ኬሚካል አለው። በብስኩት አባብለን አስለቀቅነው። ጥርስ ያረፈበት አንድ ጥግ ተጣሟል እንጂ አልጎደለም። ሌላ ላንሳዎት ብላቸው እምቢ አሉ። የፈለጉት ያንኑ ነው። ከዚያ ወዲህ እንስሳ አጠገብ ስሆን ፎቶው ገና ሲወጣ ኪሴ አስገባዋለሁ።

ቅዝቃዜ የዚህ ፊልም ጠላት ነው። ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ቀለሙ ይፈዛል። ኔፓል ውስጥ ፑን ሂል ላይ፣ 3,210 ሜትር ከፍታ፣ ንጋት ላይ ያነሳኋቸው ሁሉ ገርጥተው ወጡ። መፍትሔውን ያገኘችው ሻይ የምትሸጠው ዲዲ ናት፤ ዲዲ በኔፓልኛ ታላቅ እህት ማለት ነው። የራሷን ፎቶ ተቀብላኝ ሻርፗ ውስጥ ከተተችው፤ እንደ ዶሮ ታቅፋው ቁጭ አለች። ሻይ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ እሷን ያያል። ስታወጣው የዕለቱ ምርጥ ፎቶ ሆኖ ተገኘ። አሁን ብርድ አገር ስሆን እኔም አቅፈዋለሁ።

የካሜራዋን ጉድለት ልንገራችሁ። ዓይን የሚደረግባት ቀዳዳ ከሌንሱ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ስለዚህ በቅርብ ስታነሱ የምታዩት ሌላ፣ የሚወጣው ሌላ ነው። የሰው ጭንቅላት የሚቆረጠው በዚህ ነው፤ ትንሽ ወደ ላይ ማነጣጠር ይጠይቃል። ለመልክዓ ምድር አትሆንም። ካምቦዲያ ውስጥ፣ ጥንታዊው የአንኮር ዋት ቤተ መቅደስ ላይ ፀሐይ ስትወጣ 3 ፍሬ አቃጠልኩ፤ የወጣልኝ ድፍን ጥቁር ነው። ፍላሹ ከ2 ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም። የባትሪው ክዳን በ5ኛው ወር ተሰብሮ እስከ ዛሬ በፕላስተር ነው የተያዘው። ፊልሙም ውድ ነው። ባንኮክ ላይ በአንድ ጥቅል ዋጋ የመንገድ ዳር ፓድ ታይ (የተጠበሰ ኑድል) ሦስት አራት ጊዜ ይበላል።

ኤርፖርት ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሲቲ (CT) የሚባሉት አዲሶቹ የጨረር መፈተሻ ማሽኖች ያልተነሳበትን ፊልም ያበላሻሉ። አንድ ኤርፖርት ላይ በእጅ ይታይልኝ ብዬ ለምኜ አልሰሙኝም። 2 ጥቅል ጭጋግ ለብሶ ቀረ። አሁን ፊልሙን በሚያሳይ ፌስታል ለብቻው ይዤ፣ ሰልፉ ሳይበዛ ቀደም ብዬ እሄዳለሁ። ሻንጣ ውስጥ አስገብታችሁ በጭራሽ አትላኩት፤ የዚያኛው ጨረር ይብሳል።

ካሜራዋ ቦርሳዬ ውስጥ የምትቀርበት ቦታም አለ። ላኦስ ውስጥ ሉዋንግ ፕራባንግ ላይ መነኮሳቱ ጎህ ሲቀድ ምጽዋት ይቀበላሉ። ፍላሽ አታብሩ፣ ራቅ በሉ ይባላል። የእኔዋ ፍላሽ ደግሞ ባነሳሁ ቁጥር ይበራል፤ ማጥፊያ የላትም። ሕንድ ውስጥ፣ ቫራናሲ ላይም አስከሬን በሚቃጠልበት የወንዝ ዳር ደረጃ፣ በማኒካርኒካ ጋት፣ አላወጣኋትም። እዚያ የሐዘን ቤት ነው።

አንድ ልማድ ያዝኩ፦ ሁልጊዜ ሁለት አነሳለሁ። የመጀመሪያው ለተነሳው ሰው ነው፤ የተሻለው እንኳ ቢሆን። ሁለተኛው የኔ ነው። ካሜራዋ ዛሬ ብትጠፋብኝ ነገ ያችኑ ዓይነት እገዛለሁ።

ባለፈው ወር ሜክሎንግ ተመለስኩ። ፎቶው እዚያው ገመድ ላይ አለ። ፀሐይ በልቶት ዓሣው ከጀርባው ካለው ሸራ አልለይ ብሏል። ዓሣ ሻጯ ቀድማ ያወቀችው እኔን ሳይሆን ካሜራዋን ነው። ሳልጠይቃት አንድ ትልቅ ዓሣ አንስታ ቆመች። በዚህኛው ወደ ላይ አነጣጠርኩ። ወረቀቱ ሲወጣ ጎረቤቷ ነጥቃ ልታራግበው አለች። ዓሣ ሻጯ መዳፏን ዘርግታ አስቆመቻት። «ቆይ»።