የደብረ ብርሃኑ ካፌ የቅዳሜ ማታ ዝግጅት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅዳሜ ማታ የቆዩ አስቂኝ ዝግጅቶችን በፕሮጀክተር የሚያሳየው ካፌ ሰሞኑን የመረጠው ከባለቤቷ ከጆርጅ በርንስ ጋር ትሠራ የነበረችውን አሜሪካዊቷን ኮሜዲያን ግሬሲ አለንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 የተጋቡት ጥንዶች ከመድረክና ከሬዲዮ በኋላ ከ1950 እስከ 1958 በቴሌቪዥን ቀርበዋል። መጀመሪያ አስቂኙን መልስ ለራሱ ይዞ መጠየቁን ለእሷ ትቶ የነበረው ጆርጅ፣ ሕዝቡን ይበልጥ የሚያስቀው የእሷ ጥያቄ መሆኑን ሲያይ ቦታውን ለቀቀላት፤ እንዲህ ያለ ባል በየትም አገር ብርቅ ነው። ግሬሲ በዚያ ቀጭን ድምፅዋ የማይመስለውን ነገር ከልቧ እንዳመነችበት ሆና ስትናገር ሳቅን መቆጣጠር ያስቸግራል። ችግሩ አስተርጓሚው ነው፤ በየመሃሉ ምስሉን አቁሞ ሲያብራራ ቀልዱ ይበርዳል። ለእግር የሚሰጡት ወፍራም ብርድ ልብስና የዝንጅብል ሻዩ ግን ለከተማዋ ቁር በቂ ናቸው።