ቡሽኔል-ሃስ ዱቄት ለጎንደር ላብራቶሪ፦ የሚበጅበትና የሚያሳስትበት

ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎችን ከጋራዥ አፈር ለይቶ ለማውጣት ቡሽኔል-ሃስን የሚያህል ቀላል ሚዲያ (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ) የለም። እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣ ቀመር ነው፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፌት፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ብረት አለው፣ ካርቦን የለውም። ካርቦኑን በናፍጣ፣ በላምባ ወይም በሄክሳዴኬን (ባለ16 ካርቦን ዘይት) ትሰጡታላችሁ፤ ያን መብላት የማይችል ባክቴሪያ ይራባል።

ለ1 ሊትር 3.27 ግራም ይበቃል። ስለዚህ 500 ግራም ከ150 ሊትር በላይ ያወጣል፤ ግን ትልቁን ጠርሙስ አትግዙ። በውስጡ ያሉት አሞኒየም ናይትሬትና ፌሪክ ክሎራይድ እርጥበት ይስባሉ። በጎንደር ክረምት ደጋግሞ የተከፈተ ጠርሙስ ይጓጉላል፣ ዱቄት መስሏችሁም ውሃ ትመዝናላችሁ። የዱቄቱ ስድስት ጨዎች መደርደሪያችሁ ላይ ካሉ ራሳችሁ ብትቀምሙት ያው ነው።

አዘገጃጀቱ ሚዲያውን በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ) በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ አምክኑ ይላል። ይህን «15 ፒኤስአይ» (የግፊት መለኪያ) ብሎ የሚያነብ እዚህ ይሳሳታል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጌጁ 15 ሲያሳይ የአውቶክሌቩ ውስጥ 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዕቃው የሚችል ከሆነ ወደ 18.5 ፒኤስአይ ማድረስ፣ ካልቻለ ጊዜውን ወደ 40 ደቂቃ ማርዘም ያስፈልጋል። ሲወጣ የሚታየው ቢጫማ ዝቃጭ ብረትና ፎስፌት እንጂ ብክለት አይደለም፤ ፕሌት (የማሳደጊያ ሳህን) ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊት በደንብ አወዛውዙት። ዕድገትን በድፍርስነት ለመለካት ግን ይህ ዝቃጭና የዘይቱ ጠብታ ንባቡን ያበላሹታል፤ ቆጠራ ይሻላል።

ሄክሳዴኬን በ18 ዲግሪ ይረጋል። በብርዱ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ብታገኙት አልተበላሸም፤ 30 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ አቅልጡት። ነዳጅ የሌለበት ፕሌትም ሁልጊዜ አብሮ ይግባ፤ ሚዲያውን የሚያረጋው አጋር ራሱ ጥቂት ካርቦን ስላለው ሐሰተኛ የባክቴሪያ ክምችት (ኮሎኒ) ያሳያል።

ባክቴሪያዎች የሚሠሩትን ቀለም ለማጥናት ዱቄቱ ግማሽ መንገድ ብቻ ይወስዳል። ነዳጅ የሚበላው የሮዶኮከስ ባክቴሪያ ብርቱካንማ ቀለም፣ ካሮቲኖይድ፣ ያለችግር ይታያል፤ በሜታኖል ስታወጡት ቱቦውን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኑት፣ ብርሃንና አየር ያደበዝዙታል። የሱዶሞናስ ባክቴሪያ አብሪ ቢጫ-አረንጓዴ ቀለም፣ ፓዮቨርዲን፣ ግን ባክቴሪያው ብረት ሲያጣ የሚሠራው ነው። እዚህ ብረት ስለማያጥረው ቀለሙ ሳይታይ ይቀራል፤ ለዚያ ብረት የሚያንሰው ኪንግ ቢ ሚዲያ ያስፈልጋችኋል።

በፋቲ አሲድ (የሴል ሽፋን ቅባት አካል) ጥናት በኩል ዱቄቱ ያኮራል። ሮዶኮከስ ባለ16 ካርቦኑን ሄክሳዴኬን ሲበላ ባለ16 ካርቦን ፋቲ አሲዶች ይበዙበታል፤ ባለ15ቱን ፔንታዴኬን ሲበላ ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ይጨምራሉ። የበላው በሴሉ ሽፋን ላይ ይነበባል። በዚሁ ምክንያት ዝርያ ለመለየት ከዚህ ሚዲያ ያደገ ሴል አትጠቀሙ፤ ማነጻጸሪያዎቹ የተሠሩት እንደ ትሪፕቲክ ሶይ አጋር ባለ የተወሰነ ሚዲያ ላይ ነው። ሴሉንም ደጋግማችሁ እጠቡ፤ አለበለዚያ የተረፈው ሄክሳዴኬን ፋቲ አሲዶቹን በሚለየው መሣሪያ፣ በጋዝ ክሮማቶግራፍ፣ ንባብ ላይ የራሱን ጫፍ ያወጣል።

ፋቲ አሲዱን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድና ሜታኖል ከሴሉ ስታላቅቁ መመሪያው 100 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይጠይቃል። ጎንደር ላይ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ የውሃ ገንዳው እዚያ አይደርስም። ደረቅ የማሞቂያ ብሎክ ተጠቀሙ፣ የቱቦውንም ክዳን አጥብቁ፤ ሜታኖሉ ካመለጠ ናሙናው አብሮ ያልቃል።